ዜሮ ነጥብ ሠላሳ ስምንት

ከፍራንኮ ገባ ብሎ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ፣
የአዳማ ነፋስ አቧራውን በበር ስንጥቅ ይዞ ሲገባ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህች ብረት ጎን ቆምኩኝ፣
ዋንዛና ጽድን በዓይን ሳይሆን በጩኸቷ ለየሁኝ።

ከጣሊያን ስትመጣ ያኔም ያገለገለች ነበረች፤
ጎኗ ላይ የሌላ ሰው ስም በምስማር ተጭሮ መጣች።
አንጎሏ ቁም ሣጥን ያህላል፤ በሩን ሲከፍቱት ሽቦ፣
እንደ በግ አንጀት ተጠቅልሎ፣ በላይ በላዩ ተሰብስቦ።
ስክሪኗ አረንጓዴ ነው፤ ፊደሉ መስታወቱን በልቶ፣
ጠፍቶም እንኳ ይነበባል፣ እንደ ጠባሳ ቀርቶ።
ፕሮግራሟ በዲስኬት ነበር። ዲስኬት ከገበያ ሲጠፋ፣
የቀረችኝን አንዷን እንደ ክታብ ያዝኳት፣ እንዳትጠፋ።

በጥር እሷም ዝም አለች።
ሐጂ ሸምሱ «በኪሎ ልሽጣት» አሉ።
ቆራሌው መጣ፣ ዞራት፣ በእግሩ ነካ አድርጎ ዋጋ ጠራ።
እኔ የጠረጴዛ እግር እየፈተግሁ ነበር።

ሲፈን በባጃጅ መጣች፣ አንድ ካርቶን ታቅፋ።
ካርቶኑ ላይ የቴምር ሥዕል፤ ውስጡ መዳፍ የምታክል ሰሌዳ።
«ይቺ ናት?» አልኩ። «ይቺ ናት።» «ያ ቁም ሣጥንስ?» «ይወጣል።»
ሐጂ ሣቁ፤ «ልጄ፣ ዝሆን በትንኝ ይነዳል?»

ሦስት ቀን ሽቦ መዘዘች፣ ለያንዳንዱ በፕላስተር ስም ሰጥታ፣
ስልኳን በጥርሷ ነክሳ፣ ከማሽኗ ሆድ ሥር ተኝታ።
«ሞተሮቹ ደህና ናቸው፣ ብረቱም ደህና ነው» አለችኝ፤
«የታመመው ራሱ ነው።» እኔ ራሴን ዳበስኩኝ።

መብራት ሄደ። በሩ ላይ ወጥተን ቆምን።
ከኮረብታው ላይ ነጫጮቹ የነፋስ ተርባይኖች
ይዞራሉ፣ ይዞራሉ።
«ለማን ነው የሚዞሩት?» አልኳት።
«እኔንጃ ጋሼ» አለች፣ ሰጋቱራውን ከፀጉሯ እያራገፈች።

በአራተኛው ቀን ማታ ተነሣች። ድምጿ ሌላ ነበር፤
ማቃሰቷ ጠፍቶ ቀጭን ፉጨት፣ ዘመድ በሰው አገር አፍ ሲናገር።
ክብ አዘዘቻት፤ ቆረጠች።
ሲፈን በካሊፐር ለካች። ዝም አለች። ደግማ ለካች።
ክቡ ክብ አልነበረም፤ እንደ እንቁላል ሾል ብሏል፣ በፀጉር ያህል።
ፕሮግራሙን ፈተሸች። ብሎኑን። ቀበቶውን። ሌሊቱ ተጋመሰ።

እኔ አውቀው ነበር።
የዋይ ዘንጓ ጥርስ ተበልቷል፤ ስትመለስ ትዘገያለች።
በየበሩ፣ በየመስኮቱ፣ በየአልጋ ራስጌው
እጄ ሳላዘው ቁጥሩን ጨምሮ ይጽፍ ነበር፣
ከአንካሳ ወዳጅ ጋር እንደሚሄድ ሰው፣
እርምጃዬን አሳጥሬ።

ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም።
ውጭ ውሻ ጮኸ። ልጅቷ ዓይኗን አሸች።
«ዜሮ ነጥብ ሠላሳ ስምንት» አልኩ።
«ምኑ?»
«የምትሰርቀው። ስትመለስ።»

ለካ ለዚያ የሚሆን ባዶ ቦታ ነበር፣ ላፕቶፑ ላይ፣
ገና እኔን ሳያውቁ ያዘጋጁት።
ለካ የትም አገር ብረት ይላላል።
ጻፈችው፤ ሦስት አኃዝና አንድ ነጥብ።
ሃያ ሁለት ዓመቴ ገባ፣ ቦታም ተረፈ።

ሁለተኛው ክብ ከሳንቃው ወድቆ ተንከባለለ፣
እስከ በሩ፣ ከሰንሰለቱ ተጋጭቶ ቆመ።

አሁን አንድ ጎረምሳ ቁልፍ ይጫናል፣ ሻይ ይጠጣል፤
እሷ ሳትሳሳት ትሠራለች። እኔ በብርጭቆ ወረቀት ጠርዝ አለሰልሳለሁ።
ቁም ሣጥኑን ቆራሌው ወሰደ፤ ስክሪኑን ግን አልሰጠሁም።
ከቤቴ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል።
ፀሐይ ስትገባ የተቃጠለው ፊደል ይወጣል፣
ከጎኑ ቁጥሩ ጠፍቶ።
ሚስቴ አቧራውን እየጠረገች፣ «ምን ይላል ይሄ?»
«ዋይ» እላታለሁ።
«ምን ሆኖ?»